በአጠገብ የሚቆመው ሰው

(ስለ አየርላንዳዊው ተዋናይ ስለ ባሪ ፊዝጄራልድ በቴአትር ክበባችን ምሽት የተደረገ ንግግር)

ክበባችን ለሚያዘጋጀው ተውኔት ተጫዋቾች እንዲመዘገቡ ከሁለት ሳምንት በፊት ማስታወቂያ መለጠፋችንን ታስታውሳላችሁ። ተውኔቱ ዐሥራ አንድ ሰዎች ያስፈልጉታል። ለንጉሡ ድርሻ ዘጠኝ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ለአልጋ ወራሹ ስድስት፤ ለበር ጠባቂው ግን አንድ ስንኳ አልተገኘም። አንዱን ጓደኛችንን «ጠባቂውን አንተ ብትጫወተው ምናለ?» ብንለው፥ «እናቴ ከሀገር ቤት ድረስ መጥታ ጦር ይዤ ስቆም ትየኝ?» ሲል መለሰልን። አልፈረድንበትም። ይህን ንግግር ካዘጋጀነው መካከልም አንዱ ከዘጠኙ ነገሥታት ወገን ነበረ።

ስለ ባሪ ፊዝጄራልድ ለመናገር ያሰብነው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ በታየው ፊልም ላይ ቆብ ደፍቶ፥ ፒፓ ነክሶ፥ የፈረስ ጋሪ የሚነዳውን ትንሽ ሽማግሌ ያያችሁት ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ፈረንጆች እንደዚህ ያለውን ተጫዋች «ካራክተር አክተር» ይሉታል። ይኸውም መልከ መልካሙን ጀግና ሳይሆን በጀግናው አጠገብ የሚቆመውን ሰው፥ ማለት ጎረቤቱን፥ አሽከሩን፥ ቄሱን፥ ሰካራሙን፥ የፖሊስ ሹሙን የሚጫወት ነው። ጀግናው በየፊልሙ ያው ራሱ ነው። በአጠገቡ የሚቆመው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ መምጣት አለበት፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሰውየው በ1888 በደብሊን ከተማ ተወለደ። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ነው። በዚያን ዘመን አየርላንድ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ነበረች። ሕዝቧ አብዛኛው ካቶሊክ ሲሆን የሺልድስ ቤተ ሰብ ፕሮቴስታንት ነበረ፤ እናቲቱም ጀርመናዊት ነበሩ። ይህን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ ዓለም ሁሉ የአየርላንድ ካቶሊክ ሽማግሌ ማለት ይህ ነው ብሎ የተቀበለው መልክ፥ የአንድ ጀርመናዊት እናት የፕሮቴስታንት ልጅ መልክ ነው።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1911 የመንግሥት ሥራ ያዘ። ቆይቶም ሥራ ያጡ ሰዎች ጉዳያቸውን በሚያቀርቡበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ወረቀት እያገላበጠ፥ ማኅተም እየመታ ዓመት በዓመት ላይ ተተካ። ስለ ታላላቅ ተዋናዮች የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ገና በሰባት ዓመታቸው በጠረጴዛ ላይ ወጥተው ግጥም ያነቡ እንደ ነበር ነው። የዚህ ሰው ታሪክ እንዲህ አይደለም። ዳሩ ግን ያ መሥሪያ ቤት የቴአትር ትምህርት ቤቱ ነበረ ብለን እንገምታለን። ሥራ አጥቶ በመስኮት ፊት የሚቆም ሰው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ታሪክ አለው፤ ምክንያት አለው፤ የሚያመው ወገብ አለው። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ እንዳይገኝለት የሚጸልይ ነው። ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ጸሐፊ ግን ሁሉንም ማዳመጥ ግዴታው ነው። ይህ ግምታችን ነው፤ ቀጥሎ የምንነግራችሁን ስትሰሙ ግን ትክክል መሆን አለመሆኑን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

በደብሊን በ1904 የተከፈተ አቢ የሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት ነበረ። ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ባለቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስና ሌዲ ግሬጎሪ ይገኙበታል። በእንግሊዝ ሀገር መድረክ ላይ አየርላንዳዊ ሲቀርብ ዘወትር ሰካራም፥ አፈ ጮሌ፥ ጠብ ፈላጊና ሞኝ ሆኖ ነበር። ዬትስና ጓደኞቹ ከ1904 በፊት ገና ዐሳቡን ሲጠነስሱ ባወጡት ጽሑፍ፥ ሀገራቸው የቀልደኞችና የርካሽ ለቅሶ ሀገር አለመሆኗን ለማሳየት መነሣታቸውን አስታውቀው ነበር። ይህን ቃል ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የአቢ ተዋናዮች በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ በቀን ሌላ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። የኛም ሰው ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ወደ ቴአትር ቤት ይሄድ ነበር። የመንግሥት ጸሐፊ በመድረክ ላይ መታየቱ ስለማያምር በስሙ ፈንታ ባሪ ፊዝጄራልድ የሚል የመድረክ ስም ያዘ። መጀመሪያ ከተሰጡት ድርሻዎች በአንዱ የሚናገረው ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ እንደ ነበረ ይነገራል። ያችንም ሲናገር ከድንጋጤው የተነሣ የቃላቱን መጀመሪያ ፊደሎች አቀያየራቸው፤ በኛ ቋንቋ «ሰው መጣ» እል ባይ «መው ሰጣ» እንደሚል መሆኑ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በማግሥቱ አዲስ ቀልደኛ ተገኘ ተብሎ ተወራ። ታሪኩ እንደዚህ ያሉ ታሪኮች ሁሉ እንደሚሆኑት ጥቂት ሳይሞረድ አልቀረም። ለኛ ለጀማሪዎቹ ግን መልካም መጽናኛ ነው።

ስለ ወንድሙም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። አርተር ሺልድስ በስምንት ዓመት ያንሰዋል፤ እርሱም የአቢ ተዋናይ ነበረ። በ1916 በፋሲካ ሳምንት በብሪታንያ መንግሥት ላይ ዐመፅ ሲነሣ አርተር ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ጠመንጃውን የደበቀው በአቢ መድረክ ሥር ነበረ ይባላል። ዐመፁ በስድስተኛው ቀን ሲሸነፍ ተይዞ በዌልስ ሀገር ፍሮንጎክ በተባለው ሰፈር ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ታሰረ። ታላቅየው በመሥሪያ ቤቱ፥ ታናሽየው በእስር ቤት፤ ሁለቱንም ያሳደገች አንዲት እናት ናት። አርተር ሲፈታ ወደ መድረኩ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሾን ኦኬሲ የሚባል፥ በደብሊን ድኾች ሰፈር ያደገ፥ አብዛኛውን ትምህርቱን ራሱ ለራሱ ያስተማረ የጉልበት ሠራተኛ ነበረ። ዕድሜው አርባ ዓመት ገደማ ሲሆን ተውኔት እየጻፈ ለአቢ ያቀርብ ጀመር። በ1924 «ጁኖና ጣዎሱ» የሚለው ተውኔቱ ሲታይ ጣዎሱን፥ ማለት ካፒቴን ቦይልን፥ የተጫወተው ባሪ ፊዝጄራልድ ነው።

ካፒቴን ቦይል ካፒቴን አይደለም። አንድ ጊዜ በከሰል መርከብ ከደብሊን ወደ ሊቨርፑል ተሻግሮ ስለ ነበር ባሕሩን ሁሉ እንደ ዞረ ይተርካል። ሥራ ተገኘልህ ሲሉት ወዲያው እግሩን ያመዋል። ጆክሰር የሚባል፥ ያለውን ሁሉ እያሰማመረ የሚያስተጋባለት አጫፋሪ አለው። ጆክሰርን የተጫወተው ኤፍ. ጄ. ማኮርሚክ በሚል የመድረክ ስም የታወቀው ድንቅ ተዋናይ ነበረ። ሚስቱ ጁኖ ሠርታ ታበላዋለች። እንግዲህ ዘመድህ ሞቶ ውርስ ደረሰህ ተባለና ቤቱ በዱቤ ዕቃ ተሞላ። ውርሱ ግን ኑዛዜው በደንብ ስላልተጻፈ ከንቱ ሆነ። ኑዛዜውን የጻፈው ጎልማሳ ልጃቸውን አስረግዞ ጠፋ። ዘመኑ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት የነበረበት 1922 ነው፤ ክንዱን በውጊያ ያጣው ወንድ ልጃቸው ጓደኛውን አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በገዛ ወገኖቹ ተወስዶ ተገደለ።

የመጨረሻውን ትርዒት እንድትገምቱት እንለምናችኋለን። ባለ ዱቤዎቹ ዕቃውን ሁሉ ወስደውታል። እናትና ሴት ልጅ የልጁን ሬሳ ለማየት ሄደዋል፤ ወደዚያ ቤትም አይመለሱም። መድረኩ ባዶ ነው። በዚያን ጊዜ ቦይልና ጆክሰር ሰክረው እየተንገዳገዱ ይገባሉ። ቦይል ዓለም እንዴት እንደ ተዘበራረቀች ቃሉን እያጣመመ ይፈላሰፋል። ንግግሩ ከመጀመሪያው ገቢር ያላነሰ ያስቃል። ልጁ መሞቱን ግን አያውቅም። ተመልካቹ ያውቃል።

ጓደኞቻችን፥ እንዲህ ያለው ትርዒት በሁለት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ተዋናዩ ሐዘኑን ተመልካች እንዲያይለት ብሎ ድምፁን ቢያለሰልስ ወይም ዓይኑን ቢያሻሽ ነገሩ ፈረሰ፤ ምክንያቱም ቦይል የሚያዝንበት ነገር እንዳለ አያውቅም። ወይም ደግሞ ለሳቅ ብቻ ብሎ ቢወላገድ ጥፋቱ እኩል ነው። ማድረግ ያለበት እስከ መጨረሻው ቦይልን መሆን ብቻ ነው፤ ሌላውን ተመልካቹ ራሱ ይሠራዋል። የሳቀ ሰው በሳቁ መካከል ያፍራል። ሥራ ያጡትን ሲመዘግብ የኖረው ጸሐፊ ይህን ሰው አላግባብ አላጠቆረውም፤ አላቆላመጠውምም። የዚህን ሰው ታላቅነት የምናየው እዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 1926፥ የኦኬሲ «ማረሻውና ከዋክብቱ» በዚያው መድረክ ቀረበ። ነገሩ ስለዚያው ስለ 1916 ዐመፅ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ የሚነገረው ከጀግኖቹ ወገን ሳይሆን በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ከሚኖሩት ድኾች ወገን ነው። ባሪ ፊዝጄራልድ ፍሉተር ጉድ የሚባለውን አናጢ ተጫወተ። ፍሉተር መጠጥ ተውሁ ብሎ በምሎ ሳይውል ሳያድር የሚጠጣ፥ ለጠብ የሚቸኩል ሰው ነው፤ ዳሩ ግን ጥይት ሲዘንብ ወጥቶ የጎረቤቱን ሚስት ፈልጎ የሚያመጣ፥ የሌላ ሰው ልጅ ስትሞት ነፍሱን አስይዞ ቀብሯን የሚያሰናዳ እርሱ ነው። በሁለተኛው ገቢር ከውጭ የነጻነት ንግግር ሲሰማ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት ዝሙት አዳሪ ገበያ አጥታ ታማርራለች፤ የታጋዮቹም ሰንደቅ ዓላማ ወደዚያው መጠጥ ቤት ይገባል።

በአራተኛው ምሽት አዳራሹ ታወከ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ባሎቻቸውን፥ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን በ1916 ያጡ ሴቶች ነበሩበት። አንዳንድ ሰዎች ወደ መድረኩ ዘለው ወጡ፤ ባሪ ፊዝጄራልድም ከመካከላቸው አንዱን በቡጢ መትቶ ከመድረክ ጣለው። ዬትስ ወጥቶ ሕዝቡን በብርቱ ቃል ገሠጸ፤ በጩኸቱ ምክንያት ብዙው ሰው ንግግሩን አልሰማውም፤ እርሱ ግን ጽሑፉን አስቀድሞ ለጋዜጣ አድርሶት ነበርና በማግሥቱ ታትሞ ተነበበ። (ለጋዜጣችን አዘጋጆች ይህን እንደ ምክር እናቀርባለን።) ከዚያም ተውኔቱ እንዳይቀጥል ባሪን ጠልፎ ለመውሰድ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወደ እናቱ ቤት ሄደው እንዳጡት ይተረካል።

ይህን ታሪክ ሲያነቡ ባለቴአትሮቹ ብርሃን፥ ተቃዋሚዎቹ ጨለማ ናቸው ማለት ይቀልላል። እኛ ግን እንደዚህ ለመናገር አንደፍርም። የሞተ ልጇ አፈር ዐሥር ዓመት ያልሞላው እናት፥ በርሱ ስም በመጠጥ ቤት ሲሳቅ ብታይ ብትጮኽ ምን ይገርማል? ነገር ግን አንድ ነገር አለ። በዚያ ምሽት ከተጫወቱት አንዱ፥ የታጋዩን ሻምበል ልብስ ሳይሆን የመቶ አለቃውን ለብሶ የቆመው፥ አርተር ሺልድስ ነበረ። ጀግኖቻችን ተሰደቡ ተብሎ ሲጮኽበት የነበረው ሰው ራሱ ከጀግኖቹ አንዱ ነው። በዚያ ሳምንት የተዋጋና የታሰረ፥ ዐመፁን በዓይኑ ያየ ሰው፥ ይህን ተውኔት ለመጫወት እንቢ አላለም። ለሚጮኹት እናቶችና ለአርተር እኩል እውነት እንዳላቸው እናምናለን፤ የትኛው ለመድረክ የሚገባ እውነት እንደ ሆነ ግን በክበባችን ክርክር ቢደረግበት እንወዳለን።

ባሪ ፊዝጄራልድ ይህ ሁሉ ሲሆን ገና የመንግሥት ጸሐፊ ነው! ሌሊት የደብሊን መነጋገሪያ፥ ጧት የደብሊን ጸሐፊ። ሥራውን ትቶ ጠቅላላ ተዋናይ የሆነው በ1929፥ በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። አቢ ቴአትር የኦኬሲን «የብር ዋንጫ» የተባለውን ተውኔት በ1928 አልቀበልም ስላለ ተውኔቱ በ1929 በሎንዶን ታየ፤ ባሪም እዚያ ሄዶ ከተጫወቱት አንዱ ሆነ። በአርባ አንድ ዓመት ጡረታ ያለውን ሥራ ትቶ ወደ ሎንዶን መሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

በ1930 እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ «ጁኖና ጣዎሱን» ፊልም አደረገው። ጁኖን የአቢዋ ሳራ አልጉድ፥ በመድረክ እንደ ተጫወተችው ሁሉ፥ ተጫወተች። ካፒቴን ቦይልን ግን የተጫወተው ኤድዋርድ ቻፕማን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ባሪ ፊዝጄራልድ በዚያ ፊልም ላይ አለ፤ መጀመሪያ ላይ በአደባባይ ቆሞ ለሕዝብ የሚናገር ሰው ሆኖ ጥቂት ይታያል፤ ስሙም በተውኔቱ ውስጥ የሌለ ሰው ነው። የራሱን ድርሻ ሌላ ሲጫወተው በዚያው ፊልም ላይ ለደቂቃዎች ቆሞ መሄድ! ለበር ጠባቂው ድርሻ ያልተመዘገባችሁ ጓደኞቻችን ይህን አስቡት።

ከዚያ በኋላ ከአቢ ጓድ ጋር በአሜሪካ ተዘዋወረ። ጆን ፎርድ የተባለው ዝነኛ ዲሬክተር፥ ወላጆቹ ከአየርላንድ የተሰደዱ ነበሩና፥ በ1936 «ማረሻውና ከዋክብቱን» ፊልም ሲያደርግ ባሪን ወደ ሆሊውድ አስጠራው። ፍሉተርን በፊልምም ተጫወተው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ቀረ። በ1938 ከካትሪን ሄፕበርን ጋር በአንድ አስቂኝ ፊልም፥ በ1940 በዩጂን ኦኒል ተውኔቶች ላይ በተመሠረተ የመርከበኞች ፊልም፥ በ1941 በዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎች ፊልም ተጫወተ። ሁሉንም አንቆጥርም።

በ1944 የወጣው «ጎይንግ ማይ ዌይ» ግን ሊታለፍ አይችልም። በኒው ዮርክ ከተማ ዕዳ ያለበት የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለቃ አባ ፊትዝጊቦን ይባላሉ። ወጣቱ ቄስ፥ ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ፥ ረዳታቸው መስሎ ይመጣል፤ እውነቱ ግን በሳቸው ቦታ እንዲሠራ በጳጳሱ የተላከ ነው። ሽማግሌው ነገሩን ባወቁ ጊዜ ሻንጣቸውን ይዘው በዝናብ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ፖሊስ መልሶ ያመጣቸዋል። እንደ ተቀጣ ሕፃን ሆነው በአልጋቸው ላይ ተቀምጠው ራታቸውን ሲበሉ ማየት ያስቃል፤ ስንስቅ ግን አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ከሠራበት ቤት አያስፈልግህም ሲባል እያየን ነው። ባሪ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ብቻ ነበረ። ሽምግልናው በአንገቱ፥ በእርምጃው፥ ቃሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ነው። በመጨረሻው ትርዒት ወጣቱ ቄስ፥ አባ ፊትዝጊቦን ለብዙ ዘመን ያላዩአቸውን አሮጊት እናታቸውን ከአየርላንድ አስመጥቶ በድንገት በፊታቸው ያቆማቸዋል። ያ ሁሉ ነገረኛ አፍ እዚህ ላይ ዝም ይላል። የቦይልን ተዋናይ እዚያ አየነው።

በዚህ ድርሻ ምክንያት በሽልማት ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ሆነ። ለአንዱ ድርሻ በዋና ተዋናይነትም በረዳት ተዋናይነትም ለኦስካር ሽልማት ታጨ። ዳኞቹ በአጠገብ የሚቆመውን ሰው የቱ ጋ እንደሚያስቀምጡት ቸገራቸው ማለት ነው። በዋናው ቢንግ ክሮስቢ አሸነፈ፤ በረዳቱ ባሪ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ለአንድ ድርሻ በሁለት ወገን እንዳይታጭ ደንቡ ተለወጠ፤ ስለዚህ ይህ የሆነለት ሰው እርሱ ብቻ ነው። ዘመኑ የጦርነት ስለ ነበር ብረት ተቆጥቦ ሐውልቱ የተሠራው ከጄሶ ነው። ባሪ ቤቱ ውስጥ የጎልፍ ዱላ ሲያወዛውዝ የሽልማቱን ራስ ቆረጠው። ሌላ ተሰጠው። ይህን ካፒቴን ቦይል ቢያደርገው ሐውልቱ ቀድሞ አንገቱን ያመው ነበር ይል ነበር።

በ1948 በወጣው «ራቁቷ ከተማ» የፖሊስ ሹም ሆኖ፥ ፊልሙም እንደ ዘመኑ ልማድ በስቱዲዮ ሳይሆን በኒው ዮርክ እውነተኛ መንገዶች ላይ ተነሥቶ፥ ጥሩ አድርጎ ሠርቷል። እንለፈውና ባለፈው ሳምንት ወዳየነው ፊልም፥ ወደ «ጸጥተኛው ሰው»፥ እንምጣ።

ይህን ፊልም ጆን ፎርድ በ1951 በአየርላንድ ማዮ በተባለው አውራጃ ኮንግ በምትባል መንደር አነሣው፤ በ1952 ታየ። ባሪ አማላጅና ባለ ጋሪ ሆኖ፥ አርተር ደግሞ የፕሮቴስታንት ቄስ ሆኖ ተጫውተዋል። የባሪ ጋሪ ፈረስ ማንም ሳያዘው በመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሲቆም አዳራሹ ምን ያህል እንደ ሳቀ ታስታውሳላችሁ። እኛም ስቀናል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን። በኦኬሲ ተውኔት መጠጥ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ወንበሩ፥ አልጋው፥ ሚስት፥ ልጅ ነው። በፎርድ ፊልም መጠጥ በነጻ ነው። ማንም አይከፍልበትም፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት፥ ሴት የምታለቅስበት ሰካራም የለም። አቢ ቴአትር ሊያጠፋው የተነሣው ያ ሰካራምና አፈ ጮሌ አየርላንዳዊ፥ በአቢ በራሱ ምርጥ ልጅ ላይ አድሮ ዓለምን ዞረ። ከማንም የተሻለ አድርጎ ስለ ተጫወተውም ዓለም ከማንም ይልቅ አመነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ንግግሩን ያዘጋጀነው ራሳችን አልተስማማንም። አንደኛው ወገናችን፥ ሰውየው እንጀራ መብላት አለበት፤ ሆሊውድ ካፒቴን ቦይልን ካልጠየቀው ከየት አምጥቶ ይጫወተው? ደግሞም ፊልሙ የስደተኛ ልጅ የወላጆቹን ሀገር በናፍቆት የሣለበት ነውና እንደ ሕልም እንጂ እንደ ምስክርነት አይታይ ይላል። ሁለተኛው ወገናችን ደግሞ፥ ሕልሙ የፎርድ ይሁን፤ ሰው ግን በሕልም ውስጥ የሚያምንበት ፊት የባሪ ፊት ነው፤ ስለዚህ ፊቱን ያከራየ ሰው የሚጠየቅበት ነገር አለ ይላል። ሌሊቱን ተከራክረን አልጨረስነውም። የተስማማንበት ይህን ብቻ ነው፤ በአንድ ሰው ፊት፥ በአንድ ዓይነት ጨዋታ፥ ያው ሳቅ አንድ ጊዜ እውነትን ሲገልጥ ሌላ ጊዜ ሲሸፍን አይተናል፤ ልዩነቱም ከተዋናዩ ችሎታ አልመጣም።

በዚያው በ1951፥ ጁላይ 18 ቀን፥ አሮጌው አቢ ቴአትር ተቃጠለ። ካፒቴን ቦይል ሰክሮ የገባበት ባዶ መድረክ፥ ሰዎች ዘለው የወጡበት፥ አርተር ጠመንጃውን ደበቀበት የሚባለው መድረክ፥ ከዚያ ሌሊት ወዲህ የለም። አዲሱ ሕንጻ የተከፈተው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1966 ነው።

ባሪ ፊዝጄራልድ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጤናው እየደከመ ወደ ደብሊን ተመለሰ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። በጃንዩዋሪ 1961 በሰባ ሁለት ዓመቱ በዚያው በተወለደበት ከተማ ሞተ፤ በዲንስ ግሬንጅ መቃብር ተቀበረ። አርተር በካሊፎርንያ ቀርቶ በ1970 ሞተ።

ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያንሣ። የተጫዋቾቹ ዝርዝር አሁንም በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ልምምዱ ረቡዕ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። የበር ጠባቂው ቦታ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ባዶ ነበረ፤ ዛሬ ጧት ግን ከዘጠኙ ነገሥታት የአንዱ ስም ተሰርዞ እዚያ ተጽፏል። ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ ጽሕፈቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።